መድኃኒቱ በየደጃፉ፣ ሚዛኑ ግን የት አለ?

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የቁስል ጀርም ምርመራ ያልተነካ ገበያ ነው

ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ክንዱ ላይ እብጠት ወጣበት እንበል። እብጠቱ ቀላ፣ ሞቀ፣ መግል ቋጠረ። ሰውየው ሱቁን ዘግቶ ሐኪም ቤት ተራ ከመጠበቅ ብሎ ከአንድ መድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዛ። ሳምንት ሙሉ ዋጠ፤ አልለቀቀውም። ጠንከር ያለ ሲል ሌላ ተሰጠው፤ እሱም አልሠራም። በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳት ጣለውና ለመርፌ አልጋ ያዘ። ሒሳቡ ሲደመር የሦስት ጊዜ የመድኃኒት ዋጋ፣ የሦስት ሰኞ ሽያጭ፣ በዚያ ላይ የሕክምናው ወጪ ሆነ። ከዚህ ሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። ቁስሉ ውስጥ ያለው ጀርም የትኛውን መድኃኒት ነው የሚፈራው?

ይህ ምሳሌ ቢሆንም በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ እንግዳ የሚሆንበት ሰው ያለ አይመስልም። ሕጉ አንቲባዮቲክን በሐኪም ማዘዣ ብቻ ከሚሸጡ መድኃኒቶች ይመድበዋል። ገበያው ግን በራሱ መንገድ ይሄዳል። ሸማቹ ይቸኩላል፤ ሻጩ ደንበኛውን ማስከፋት አይፈልግም፤ ጀርሙ ደግሞ የሁለቱን ውል አያውቅም። ጨርቅ ሲገዛ ክሩን ፈትሎ የሚፈትሽ፣ ቡና ሲገዛ ከጆንያው እፍኝ ዘግኖ የሚያይ ነጋዴ፣ መድኃኒት ሲገዛ ሳያይና ሳይመዝን ይከፍላል። ለዚህ ዕቃ ሚዛን የለውም ማለት ግን አይደለም። ሚዛኑ አለ፤ ስሙም የመድኃኒት መላመድ ምርመራ ይባላል።

ጀርሙና መደርደሪያው

የቁስል፣ የእብጠትና የመግል ዋነኛ ባለቤት ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ወይን ዘለላ ተከማችቶ ይገኛል። ከሦስት ጤነኛ ሰዎች አንዱ ገደማ በአፍንጫው ውስጥ ይዞት ይዞራል፤ ምንም አያደርገውም። ቆዳ ሲቆረጥ፣ ሲቃጠል ወይም በቀዶ ሕክምና ሲከፈት ግን ወደ ውስጥ ይገባል። ደም ውስጥ ከደረሰ አጥንትን፣ ሳንባንና ልብን ይነካል።

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘው ይኸው የጀርም ወገን ባደገበት ሳህን ላይ ነው። መድኃኒቱ በ1940ዎቹ ለሕዝብ በተዳረሰ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጀርሙ ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም ይዞ ብቅ አለ። አምፒሲሊንና አሞክሳሲሊንም በዚሁ ኢንዛይም ይሰበራሉ። እ.ኤ.አ. በ1959 ኢንዛይሙ የማይሰብረው ሜቲሲሊን ተሠራ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ ሜቲሲሊንንም የተላመደ ስታፍ እንግሊዝ አገር ውስጥ ተገኘ። ባለሙያዎች ዛሬ በአጭሩ ኤምአርኤስኤ የሚሉት እሱን ነው።

ሜቲሲሊን የተባለው መድኃኒት ከገበያ ከወጣ ቆይቷል። ስሙ ግን ቀርቷል፤ ባለቤቱ ሄዶ ታፔላው እንዳልወረደ ሱቅ ማለት ነው። ለነጋዴውም ሆነ ለታማሚው ቁም ነገሩ ይህ ነው። ስታፉ ሜቲሲሊንን ከተላመደ ክሎክሳሲሊን አይሠራም፤ አሞክሳሲሊን አይሠራም፤ ውዱ የሴፍትሪያክሶን መርፌም አይሠራም። ከጥቂት አዳዲስ መድኃኒቶች በስተቀር የፔኒሲሊንና የሴፋሎስፖሪን ዘር በሙሉ ከጨዋታ ውጭ ይሆናል። መድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ በብዛት ተደርድሮ የሚታየው ደግሞ ይኸው ዘር ነው።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ዓለም አቀፍ ጥናት፣ በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መሞታቸውን ገምቷል። ከእነዚህ ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ የሚሆኑት በኤምአርኤስኤ የሞቱ ናቸው። በአገራችን የተካሄዱ 20 ጥናቶችን ደምሮ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ትንተና ደግሞ፣ ከተመረመረው ስታፍ 32.5 በመቶው ሜቲሲሊንን የተላመደ መሆኑን አሳይቷል። ከሦስቱ አንዱ ማለት ነው።

የደሴ ቁጥር

ደሴም የራሷ ቁጥር አላት። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በደሴ ሪፈራል ሆስፒታል የሚሠሩ 118 የጤና ባለሙያዎችን አፍንጫ መርምሮ ነበር። ከእነሱ 34ቱ፣ ማለትም 28.8 በመቶው፣ ስታፍ ይዘው ተገኙ። ይህ በየትኛውም አገር ከሚጠበቀው አይርቅም። የሚያሳስበው ከ34ቱ ውስጥ በ15ቱ ላይ የተገኘው ጀርም ሜቲሲሊንን የተላመደ መሆኑ ነው። ከጠቅላላው ባለሙያ ሲሰላ 12.7 በመቶ ይሆናል።

ባለሙያዎቹ ታማሚ አልነበሩም፤ ጥፋተኛም አይደሉም። ከቁስል ጋር ሲውል የኖረ እጅና አፍንጫ የቁስሉን ጀርም ይወርሳል። ቁጥሩ የሚለው ይህን ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ጀምሮ ጀርሙ ደሴ ውስጥ አለ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የመግል ቁስል የሚከፈለው የመድኃኒት ዋጋ ያለ ምርመራ ከተከፈለ ዕጣ እንደ መጣል ይቆጠራል።

ከተማዋ በዚህ ሙያ ባዶ እጇን የቆመች አይደለችም። ዛሬ በአማራ ክልል የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የደሴው ላቦራቶሪ፣ የክልል ጤና ምርምር ላቦራቶሪ ይባል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ባክቴሪያ አሳድጎ ሲመረምር ኖሯል። መዝገቡን መሠረት ያደረጉ የመድኃኒት መላመድ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2011 ታትመዋል። ወሎ ዩኒቨርሲቲም በደሴ ግቢው የሕክምናና የጤና ሳይንስ ተማሪዎችን ያስተምራል። ሙያው አለ። የጎደለው ሙያውን ከሸማቹ ጋር የሚያገናኘው ገበያ ነው።

ከሸሚዝ ቁልፍ የምታንስ ወረቀት

ምርመራው ረጅም ስም ቢኖረውም አሠራሩ ለማንም ይገባል። ሐኪሙ ከቁስሉ መግል በንጹሕ ጥጥ ይወስዳል። ላቦራቶሪው ናሙናውን በበግ ደም በተሠራ ረጊ ምግብ ላይ ይዘራዋል። በማግሥቱ ጀርሙ በቅሎ ይታያል። ባለሙያው ስታፍ መሆኑን በጥቂት ቀላል ሙከራዎች ያረጋግጣል፤ ከእነዚህም አንዱ ጀርሙ ፕላዝማን ማርጋት አለማርጋቱን የሚያየው ነው።

ከዚያ የበቀለው ጀርም በጨው ውኃ ይበጠበጣል፤ ድፍርሱም በተወሰነ ልክ ይለካል። ሙለር ሂንተን በተባለ ምግብ የተሞላ ሳህን ላይ በእኩል ይቀባል። በላዩ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የሚያንሱ ክብ ወረቀቶች ይቀመጣሉ። እያንዳንዷ ወረቀት የተመጠነ መድኃኒት የያዘች ናት። ሳህኑ በ35 ዲግሪ ሙቀት ከ16 እስከ 18 ሰዓት ያድራል። ጠዋት ሲወጣ፣ መድኃኒቱ ከሠራ በወረቀቷ ዙሪያ ጀርም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል። ካልሠራ ጀርሙ እስከ ወረቀቷ ጠርዝ ድረስ ይበቅላል። ባለሙያው ክቡን በማስመሪያ ይለካና ከሰንጠረዡ ጋር ያስተያያል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1966 መልክ አስይዘው ያሳተሙት አሜሪካ ሲያትል የሚሠሩት ባወር፣ ከርቢና ባልደረቦቻቸው ናቸው።

ለስታፍ ዋናዋ ወረቀት 30 ማይክሮ ግራም ሴፎክሲቲን የያዘችው ናት። ክቡ 22 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ጀርሙ ለክሎክሳሲሊንና ለመሰሎቹ ይሸነፋል። 21ና ከዚያ በታች ከሆነ ኤምአርኤስኤ ነው። አንዲት ወረቀት አንድ ሙሉ መደርደሪያ ትከፍታለች፤ ወይም ትዘጋለች። በዚያው ሳህን ላይ ክሊንዳማይሲን፣ ኮትሪሞክሳዞልና ዶክሲሳይክሊን ቢጨመሩ ደግሞ የትኛው መንገድ ክፍት እንደ ቀረ ይታወቃል። ሰኞ የተሰጠ ናሙና ረቡዕ መልስ ይሰጣል።

ሁለት ነገር መዘንጋት የለበትም። ብዙ እብጠት ከመድኃኒቱ በፊት የሚፈልገው በሐኪም እጅ ተከፍቶ መግሉ መውጣቱን ነው። የጠናበት ታማሚ ደግሞ ውጤት እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ሐኪሙ በግምት ይጀምርለታል፣ መልሱ ሲደርስ ያስተካክላል። ምርመራው ሐኪሙን አይተካም፤ ግምቱን ግን ያሳጥራል።

ዕቃው ከየት ይመጣል?

ለዚህ ምርመራ ከአካባቢው ገበያ የሚገኝ አንድ ዋና ግብዓት ቢኖር በግ ነው። በበግ ደግሞ ወሎ አይታማም። ላቦራቶሪው ሁለት ጤነኛ በጎች ይዞ ደሙን በየጊዜው በልክ ቢወስድ በጎቹ አይጎዱም። የቀረው፣ ማለትም የምግቡ ዱቄት፣ ወረቀቶቹ፣ መለኪያ ጀርሞቹና ማሳደጊያ ማሽኑ፣ ከውጭ ይገባል። ይህም የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የአንድ ዶላር ዋጋ ቀድሞ ከነበረበት ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። አስመጪው ሒሳቡን እንደገና መሥራቱ አይቀርም።

ሆኖም አስመጪ ሊያየው የሚገባ ሌላ ገጽ አለ። ወረቀቶቹ 50፣ 50 ሆነው በጣት በሚያዝ ቱቦ ታሽገው ይመጣሉ። አንዲት ካርቶን የብዙ ሺህ ሰው ምርመራ ትይዛለች። የጭነት ወጪዋ ከኪኒን ጋር አይወዳደርም። ችግሯ ክብደቷ አይደለም፤ ቅዝቃዜዋ ነው። ወረቀቶቹ ለረጅም ጊዜ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ፣ በየዕለቱ ለሚወጣው ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋሉ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ሲና ዳገት ላይ የቆመ መኪናም ሆነ በደሴ ለአንድ ቀን የጠፋ መብራት፣ ወረቀቷን ሳይታይ ያበላሻታል። የተበላሸች ወረቀት መልኳ አይለወጥም። የሚለወጠው ንባቧ ነው፤ የሚሠራውን መድኃኒት አይሠራም ትላለች።

ከዚህ በፊት የደረሰውም አይረሳም። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መገባደጃ እስከ ኅዳር መገባደጃ ድረስ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሳቢያ ከመንግሥት እጅ ወጥተው በነበሩበት ወቅት፣ የደሴ ሆስፒታል መዘረፉና መውደሙ በሰፊው ተዘግቧል። ነጋዴው የተዘረፈ ሱቁን በዱቤ ዕቃ ሞልቶ በወራት ውስጥ ይነሳል። ላቦራቶሪ ግን በዱቤ አይሞላም። ማሽኑ ከውጭ ይገዛል፤ ይተከላል፤ ልኩ ይስተካከላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሥራ የሚጀምረው።

ሚዛኑስ በምን ይመዘናል?

በዚህ ዘርፍ ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብ ባለሀብት ከሁሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው የማሽኑን ዋጋ አይደለም። ሊጠይቅ የሚገባው ውጤቱ የሚታመነው በምን እንደሆነ ነው። መልሱ በላቦራቶሪዎች ዘንድ ኤቲሲሲ 25923 በሚል ቁጥር የሚታወቅ መለኪያ ስታፍ ነው። ጠባዩ የታወቀ ስለሆነ በሴፎክሲቲን ወረቀት ዙሪያ ከ23 እስከ 29 ሚሊ ሜትር ክብ ማሳየት አለበት። ከዚያ ከወጣ ወይ ወረቀቱ ተበላሽቷል፣ ወይ ምግቡ ከ4 ሚሊ ሜትር ውፍረቱ ቀጥኗል ወይም ወፍሯል፣ ወይ ሙቀቱ ተዛብቷል። የዚያ ቀን ውጤት ለታማሚ አይሰጥም።

መለኪያ ጀርም የማይጠቀም ላቦራቶሪ ማኅተም ከሌለው ኪሎ አይለይም። ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ግን የማን እንደሆነ አይታወቅም። ተሳስቶ ደካማውን ጀርም ብርቱ ቢል ታማሚው ያለ ጥቅም ወደ ውድ መድኃኒት ይገፋል። ብርቱውን ደካማ ቢል ጉዳቱ ከገንዘብ ያልፋል።

ቫንኮማይሲን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኤምአርኤስኤ ሲጠና የሚወሰደው ይህ መርፌ ነው። በስታፍ ላይ መሥራት አለመሥራቱ ግን በወረቀት አይለይም። ዓለም አቀፉ የላቦራቶሪ መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በወረቀት እንዳይመረመር አድርጓል፤ በተለያየ መጠን ተበርዞ ነው የሚለካው። በወረቀት መርምሮ ቫንኮማይሲን ይሠራል ወይም አይሠራም የሚል ደረሰኝ የሚቆርጥ ላቦራቶሪ ካጋጠመ፣ ደንበኛው በትሕትና ተሰናብቶ ቢወጣ ይሻለዋል።

ከሐረጎ ወዲያ

ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐረጎን ወርዶ የምትገኝ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ሁሉም እዚያ ነው። ማሽን ባለበት ሁሉ ጣት ይቆረጣል፤ ቆዳ ይቃጠላል። ለፋብሪካው ባለቤት የሠራተኛ ቁስል የቀረ የሥራ ቀን ነው።

ኮምቦልቻ ግን የራሷ የባክቴሪያ ላቦራቶሪ እስኪከፈት መቀመጥ አይገባትም። መግል የተወሰደበት ጥጥ ማቆያ ፈሳሽ ባለበት ቱቦ ውስጥ ከገባ 24 ሰዓት ሳይበላሽ ይቆያል። ሐረጎን ለመውጣት ደግሞ ሰዓት አይፈጅም። የሚያስፈልገው የሠለጠነ ናሙና ወሳጅ፣ የታሸገ ሣጥን፣ ሰዓቱን የሚያከብር ሞተር ብስክሌትና መልሱን በስልክ የሚልክ ጸሐፊ ነው። የፖስታ አገልግሎት በአገራችን የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ ናሙና ከጤና ጣቢያ ወደ ላቦራቶሪ ሲያመላልስ የቆየ በመሆኑ መንገዱ አዲስ አይደለም። በዝቅተኛ ካፒታል የሚጀመር ሥራ ለሚፈልግ ወጣት ባለሀብት ከዚህ የቀረበ በር አይገኝም።

ሌላም በር አለ። ኮምቦልቻ የክልሉ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ መቀመጫ ናት። ይኸው ስታፍ ላሞችን የጡት በሽታ እየሰጠ ወተት ያስቀንሳል። ባለ ላሙም እንደ ጨርቅ ነጋዴው ፔኒሲሊንና ኦክሲቴትራሳይክሊን በግምት ያስወጋል፤ ያልዳነችውን ላም ለሥጋ ይሸጣል። መድኃኒት ከተወጋች ላም የታለበ ወተት ለተወሰኑ ቀናት ለገበያ መቅረብ የለበትም። ስለዚህ በግምት ሦስት ጊዜ ያስወጋ ባለ ላም ወተቱንም ሦስት ጊዜ ይደፋል፤ ካልደፋው ደግሞ ለደንበኛው መድኃኒት ይሸጣል። የወተት ነጋዴ ሒሳብም እዚያው ሳህን ላይ ነው የሚነበበው።

ማን ይከፍላል?

ገበያው እስካሁን ያልተነሳበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሸማቹ ከመድኃኒቱ በፊት ለወረቀት መክፈልን እንደ ተጨማሪ ወጪ ያየዋል። መድኃኒት ሻጩ ከምርመራ የሚያተርፈው የለም፤ እንዲያውም ሦስት ጊዜ የሚሸጠውን አንድ ጊዜ ይሸጣል። በዚህ ንግድ ተጠቃሚው ብዙ፣ ደንበኛው ግን ጥቂት ነው።

እውነተኛው ደንበኛ የሌላውን ሰው የሕክምና ሒሳብ የሚከፍለው ነው። ከእነዚህ የመጀመሪያው ለሠራተኛው የሚያሳክም ፋብሪካ ሲሆን፣ ሁለተኛው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። መድኑ እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የደሴ ጎረቤት ተሁለደሬ ነበረች። አንድ መድን ለአንድ ቁስል ሦስት ጊዜ መድኃኒትና አንድ ጊዜ አልጋ ከሚከፍል፣ አንድ ጊዜ ምርመራና አንድ ጊዜ ትክክለኛ መድኃኒት ቢከፍል የሚያተርፍ መሆኑን ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያሻም። ሦስተኛው ደንበኛ ራሱ የመድኃኒት አስመጪው ነው። የደሴ ጀርም የትኛውን መድኃኒት እንደናቀ በየዓመቱ የሚያሳይ መዝገብ ቢኖር፣ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የደሴ ቅርንጫፍም ሆነ የግል ጅምላ ሻጩ የማይሠራ ዕቃ መጋዘን ሞልተው አይቀመጡም። ያ መዝገብ ለገበያ ከሚወጣ የዋጋ ዝርዝር አይተናነስም።

አደጋው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ገበያው ሲሞቅ መለኪያ ጀርም ሳይኖረው፣ ማቀዝቀዣው ሳይሠራ፣ ታፔላ ሰቅሎ ውጤት የሚቸረችር ይመጣል። ሐሰተኛ ሚዛን ከሚዛን እጦት ይብሳል፤ በእጦት ሰው ይጠራጠራል፣ በሐሰተኛ ሚዛን ግን አምኖ ይከፍላል። ስለዚህ ቀድሞ የሚገባው ባለሀብት ማሽን ከመግዛቱ በፊት የሠለጠነ ሰውና የማይጠፋ መብራት ሊገዛ ይገባል።

ያ የሰኞ ገበያ ነጋዴ እብጠቱ በታየበት ቀን ሐኪም ዘንድ ቢሄድ ኖሮ፣ መግሉ ወጥቶ ናሙናው ሰኞ ይሰጥ ነበር። ረቡዕ መልሱ ይመጣ ነበር። ከሚሠራው መድኃኒት ብቻ ገዝቶ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ጨርቁን ዘርግቶ ደንበኛውን ይጠራ ነበር። የሦስት ሰኞና የአንድ ሰኞ ልዩነት በየሳምንቱ ከሁለቱ ከተሞች ኪስ እየወጣ ነው። ያንን ልዩነት ማን ቀድሞ እንደሚነግድበት ገበያው ያሳየናል።